ደረስጌን ማን ሠራት?

ነገሩ የተጀመረው ከባንክ መስኮት ኋላ ነው። በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ ደባርቅ ከተማ ውስጥ በምሠራበት ቅርንጫፍ፣ ዕድሜያቸው ሰባን የተጠጋ አንድ ጃፓናዊ ጎብኚ ከአስጎብኚያቸው ጋር ዶላር ሊመነዝሩ ገቡ። ቅጹን እየሞላሁ ሳለ በአስጎብኚው በኩል «ከተራራውና ከጭላዳው ሌላ እዚህ አገር ምን የሚታይ አለ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም የታሪክ ሰው መስዬ «ዐፄ ቴዎድሮስ ዘውድ የደፉበት ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ደረስጌ ማርያም ይባላል» አልኋቸው። ርቀቱን ጠየቁ፤ በመኪና ግማሽ ቀን ያህል ነው አልሁ። «አንተ ስታየው ምን ተሰማህ?» ሲሉኝ ግን እጄ ከማኅተሙ ላይ ቀረ። አላየሁትማ!

ከዕፍረቱ ለማምለጥ ያህል «እርስዎስ በአገርዎ ያለውን ቤተ መቅደስ ሁሉ አይተውታል?» ብዬ መለስሁላቸው። ሳቁ። ሁሉን እንዳላዩ፣ አንዱን ግን ሦስት ጊዜ እንዳዩ፣ ሦስቱንም ጊዜ ያዩት ሌላ ቤት እንደ ነበረ ነገሩኝ። ኢሴ የሚባለው ታላቁ የሺንቶ መቅደስ ከእንጨትና ከሣር ክዳን የተሠራ ነው፤ በየ20 ዓመቱ አጠገቡ ባለው ባዶ ቦታ ላይ በዚያው መልክ አዲስ ይሠራና አሮጌው ይፈርሳል። ይህ ልማድ በመካከሉ የተቋረጠበት ዘመን ቢኖርም ከ1300 ዓመት በላይ ዘልቋል፤ የመጨረሻው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። አናጢው ለልጁ፣ ልጁም ለልጁ እጁን ያስተምራል። ሰውየው ብራቸውን ቆጥረው፣ በአገራቸው ደንብ ጎንበስ ብለው እጅ ነሥተውኝ ወጡ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሒሳቤ አልገጥም አለኝ።

የዚያን ዕለት ማታ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ተልከው ጃፓን ድረስ ሄደው፣ ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው አስነብበውናል። በዚያ ዘመን፣ በመርከብ፣ ያን ያህል ባሕር ተሻግረው! እኔ የደባርቁ ጸሐፊ ደግሞ ከጠረጴዛዬ ግማሽ ቀን የሚርቀውን አላየሁም። ከሌሎቹ ኃጢአቶቼ ጋር ይህንንም መዘገብሁት።

እውነቱን ለመናገር ከጃፓናዊው በፊት ይህን ጥያቄ የጠየቀችኝ ሌላ ሰው ነበረች። የአባቴ እናት የጃናሞራ ሰው ናት፤ በጋብቻ ወደ ዳባት መጥታ እዚያው ያረጀች። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ አንድ ረጅም ግጥም ጽፌ በተማሪዎች የሥነ ጽሑፍ ምሽት አንብቤ ነበር። ጭብጨባው ጆሮዬ ውስጥ ገና ሳይጠፋ፣ ለዕረፍት ዳባት ስመጣ ለአያቴም አነበብሁላት። ግጥሙን እዚህ አልደግመውም፤ በዘመኑ ሁላችንም የጻፍነው ዓይነት ነበር፤ አንበሳ፣ መቅደላ፣ ሽጉጥ። አያቴ ጥጧን እየፈተለች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያም እንዝርቷን አስቀመጠችና «ደግ ብለሃል ልጄ። ግን ያንን ቤት ማን ሠራው?» አለችኝ። የትኛውን ቤት? ብላት፣ «ዘውዱን የጫነበትን ነዋ!» አለችና ወደ ጥጧ ተመለሰች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። እኔም ያኔ የሽማግሌ ነገር ነው ብዬ አለፍሁት።

እንግዲህ የ2011 ዓ.ም. ጥምቀት ቅዳሜ ዋለ። ማግስቱ ጥር 12፣ ቃና ዘገሊላ፣ እሑድ ነው። ከሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ገንዘብ አዋጥተን አንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ተከራየንና ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ከደባርቅ ተነሣን።

ስለ ደባርቅ አንድ ነገር ሳልናገር መውጣት አልፈልግም። በዚህች ከተማ ገንዘብ የሚቆጥር፣ ቡና የሚጠጣ፣ ገበያ የሚወጣ ሰው ብዙ ነው፤ እግሩ የቆመበት ሜዳ ላይ በ1853 ዓ.ም. ምን እንደ ተደረገ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የንጉሡ ወዳጅ የነበረው እንግሊዛዊው ጆን ቤል፣ ጋረድ ከተባለው አማፂ ሠራዊት ጋር በተደረገው ውጊያ ሞተ። ከእርሱ አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1860 መግቢያ፣ ቆንስሉ ዋልተር ፕላውዴን በጎንደር አቅራቢያ በጋረድ ሰዎች ቆስሎ ሞቶ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ የሁለቱን ወዳጆቻቸውን ደም ለመመለስ የተማረኩትን የአማፂውን ሰዎች በብዛት አስገደሉ። ይህ የሆነው በደባርቅ ነው። በትምህርት ቤት የተማርሁት መጽሐፍ የወዳጅነቱን ታሪክ በሰፊው ይነግረኝ ነበር፤ የምርኮኞቹን ታሪክ ያገኘሁት ግን ቆይቼ፣ በራሴ ንባብ ነው። ባልደረቦቼ በጨለማው መኪና ውስጥ ይህን ስነግራቸው አንደኛው «በበዓል ቀን ምን ነካህ?» ብሎ ራሱን በነጠላው ሸፈነ።

መንገዱ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መካከል ያልፋል። ሳንቃበር ስንደርስ ገና አልነጋም። ጨነቅ ላይ ፀሐይ ወጣች፤ ጅብራዎቹ በረዶ በነካው ሣር ላይ እንደ ጧፍ ቆመው ነበር። ስለ ፓርኩ ብዙ ተጽፏልና አልደግመውም። እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ተብለው መጀመሪያ ከተመዘገቡት 12 ቦታዎች አንዱ መሆኑን፣ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ መግባቱን፣ በ2017 ከዚያ መዝገብ መውጣቱን ሁሉም ያውቃል። ከመዝገቡ ይወጣ ዘንድ የግጭ መንደር ሰዎች ከቀያቸው ተነሥተው ደባርቅ መስፈራቸውን ግን እኔ የማውቀው በመስኮቴ በኩል ነው። ለካሣቸው የሒሳብ ደብተር ከከፈቱት መካከል አንድ አዛውንት በቁጠባ ደብተራቸው ላይ ያለውን ቁጥር ደጋግመው አስነብበውኝ «ይህ እንግዲህ ግጭ ነው?» ብለው ጠይቀውኛል። ዋልያው ተረፈ፤ ደስ ይለኛል። የአዛውንቱ ጥያቄም አብሮኝ አለ።

ከቧሂት ማለፊያ ወዲያ መንገዱ ይወርዳል፣ ይጠማዘዛል፣ አቧራ ይጠጣል። ከአንድ መንደር አጠገብ የሚካኤልን ታቦት ወደ መንበሩ የሚመልስ ሕዝብ መንገዱን ሞልቶት አገኘነው። ሾፌራችን ሞተሩን አጠፋ፤ ሁላችንም ወረድን። ነጭ ለባሽ ሁሉ፣ ከበሮ፣ ጽናጽል፣ የሴቶች እልልታ፣ የጎረምሶች ሆታ። ታቦቱ እስኪያልፍ አንድ ሰዓት ያህል ቆምን። የቸኮለ ሰው አልነበረም፤ እኔ ብቻ ሰዓቴን አይ ነበር። የባንክ ሰው በሽታ ነው መቼስ።

ደረስጌ ማርያም ስንደርስ ረፋዱ አምስት ሰዓት ሆኖ ነበር። በመካነ ብርሃን አካባቢ፣ በተራሮቹ ደቡብ ወገን፣ በድንጋይ ቅጥር የታጠረች፣ ዛፍ የከበባት ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት። ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ተበታትኗል። አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ ከደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። መስቀል ተሳልመን የመጣንበትን ስንነግራቸው ከላይ እስከ ታች አዩንና «የመጣችሁት ለቴዎድሮስ ነው ወይስ ለማርያም?» አሉን። ምን ማለታቸው እንደ ሆነ ስላልገባን ዝም አልን። «ለቴዎድሮስ የሚመጣ ፎቶ አንሥቶ ይሄዳል፤ ለማርያም የሚመጣ ጫማውን ያወልቃል። ላውቀው ብዬ ነው እንጂ ሁለቱንም አስገባለሁ» አሉ፤ ፈገግ ብለው። ጫማችንን አወለቅን። ካሜራችንንም ይዘን ገባን።

ውስጡ ቀዝቃዛና ጨለማ ነው። ዓይን ጨለማውን ሲለምድ ግድግዳው ይናገራል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በአምባላይ ፈረሱ፣ እመቤታችን ከተወደደው ልጇ ጋር፣ መላእክቱ፣ ሰማዕታቱ፤ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ቄሱ በጧፍ ብርሃን እያንዳንዱን በስሙ እየጠሩ አሳዩን። እኔ ግን ዓይኔ ወደ ወለሉ ይሄድ ነበር። የትኛው ድንጋይ ላይ ቆመው ይሆን?

አሁን ወደ ታሪኩ ልግባ፤ የአያቴ ጥያቄ የሚመለሰው በዚያ ነውና።

ይህችን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው። ውቤ ሰሜንን ከአባታቸው ከደጃዝማች ኃይለ ማርያም ወርሰው፣ ከ1823 ዓ.ም. የደብረ ዓባይ ጦርነት ወዲህ ትግራይንም ጨምረው የገዙ፣ ከቀይ ባሕር አፋፍ እስከ ወገራ ድረስ ቃላቸው የሚሰማ መስፍን ነበሩ። ጠመንጃ የሚገባበትን በር የያዙት እርሳቸው ናቸው፤ ጨውም የሚወጣው በእርሳቸው ግዛት ነው። ያጡት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዘውድ። ጎንደር ላይ በስም ብቻ የሚነግሥ ንጉሥ ነበረ፤ እውነተኛው ሥልጣን ደግሞ ደብረ ታቦር በተቀመጡት በየጁዎቹ በእነ ራስ ዓሊ እጅ ነበር። ዘውድ የሚጫነው በጳጳስ እጅ ነው፤ ጳጳስ ደግሞ ከግብፅ ነው የሚመጣው፤ አገሪቱም ዓመታት ሙሉ ያለ ጳጳስ ኖራለች። ስለዚህ ደጃች ውቤ በ1833 ዓ.ም. ገንዘባቸውን አውጥተው፣ መልእክተኞቻቸውን ሰደው፣ ጳጳስ አስመጡ። አቡነ ሰላማ ተባሉ፤ በ1834 ዓ.ም. አገር ገቡ። ልብ በሉልኝ፤ ጳጳሱን ያስመጡት ውቤ ናቸው።

ጳጳሱ እንደ ገቡ ውቤ ከጎጃሙ ብሩ ጎሹ ጋር ሆነው በራስ ዓሊ ላይ ዘመቱ። ደብረ ታቦር ላይ ተዋጉ፤ አሸነፉም። ራስ ዓሊ ሸሹ። እዚህ ላይ የተከተለው፣ ሰው ቢፈጥረው የማይታመን ነገር ነው። ድል አድራጊዎቹ በድንኳናቸው ለደስታ ሲጠጡ ሳለ፣ ከዓሊ ወገን የነበሩት ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሰው ውቤን ማረኳቸው! ጦርነቱን አሸንፎ ድግሱን የተሸነፈ ሰው ቢኖር እርሳቸው ናቸው። በኋላ በስምምነት ተለቅቀው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ የዘውዱ ነገር ግን ከልባቸው አልወጣም።

ደረስጌ የተሠራችው ከዚያ ወዲህ ነው። ለዘውዳቸው ቀን አስበው እንዳሠሯት ይነገራል፤ ቄሱም ይህንኑ ነገሩን። ለሥራው ከአገሬው ባለሙያ ሌላ ሁለት ጀርመናውያን እጃቸውን አስገብተዋል። አንዱ ቪልሄልም ሺምፐር ነው። እ.ኤ.አ. በ1837 ዕፅዋት ሊሰበስብ መጥቶ፣ አግብቶ፣ ወልዶ፣ በውቤ ተሹሞ እንጢጮን ያስተዳደረ፣ በ1878 ዐድዋ ላይ የሞተ ሰው ነው፤ ዛሬ በሳይንስ ስማቸው ላይ «ሺምፐሪ» የሚል ቅጽል ያለባቸው የአገራችን ዕፅዋት ብዙዎቹ መጀመሪያ በእርሱ እጅ የተለቀሙ ናቸው። ሌላው ኤድዋርድ ዛንደር የተባለ ሠዓሊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1847 የመጣ። ሁለቱም ለውቤ አገለገሉ፤ ሁለቱም በመጨረሻ ራሳቸውን በቴዎድሮስ መቅደላ ላይ አገኙት። ጌታ ሲለወጥ ባለ እጅ አይለወጥም፤ ይወረሳል።

በዚህ መካከል ከቋራ በኩል ካሣ ኃይሉ ተነሡ። በ1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ደጃች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት በአይሻል ራስ ዓሊን ድል ነሡ። አቡነ ሰላማም በ1846 ዓ.ም. ከካሣ ጋር ተስማሙ። ጳጳሱ ይፈልጉት የነበረው በአገሪቱ የገቡት የካቶሊክ ሚሲዮኖች እንዲባረሩና ሃይማኖቱ አንድ እንዲሆን ነበር፤ ካሣ ይህን ፈጸሙላቸው። ለዚህ እኔ በአቡኑ አልፈርድም። ነገር ግን የውቤን ልብ ሳስበው፣ ገንዘባቸውን አውጥተው ያስመጧቸው ጳጳስ ዘወር ብለው የሌላውን ራስ ሊቀቡ ዘይቱን ሲያዘጋጁ፣ የሰሜን ብርድ ያን ጊዜ የበለጠ የበረደ ይመስለኛል።

የካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ወደ ሰሜን ወጡ። ውጊያው እዚያው ደረስጌ ላይ ሆነ። ውቤ ቆስለው ተማረኩ። በሁለተኛው ቀን፣ በዚያው ቦታ፣ ውቤ ባሠሯት ቤተ ክርስቲያን፣ ውቤ ባስመጧቸው ጳጳስ እጅ፣ ካሣ ኃይሉ «ቴዎድሮስ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ተብለው ነገሡ። በሁለት ቀን ውስጥ! ድግስ እንኳ ለማሰናዳት ሁለት ቀን አይበቃም። ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ ነበርና ባለቤቱን ብቻ መለወጥ በቃ።

ቄሱ ከቅኔ ማኅሌቱ መግቢያ አጠገብ ቆመው «እዚህ ላይ ነው ይላሉ» አሉን። ቆምሁበት። ግጥሜን በጻፍሁ ጊዜ እዚህ ብቆም ኖሮ ደረቴ ይነፋ ነበር። አሁን ግን የሚመጣልኝ፣ ከቅጥሩ ውጭ በአንድ ድንኳን ውስጥ ቁስሉን ይዞ፣ የገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሲደወል የሚሰማ ሰው ነው። ዝማሬውን ሰምቶት ይሆን? እልልታውንስ ከእርሱ ቀዬ ሴቶች መካከል ያላለለች ማን ነበረች? ቴዎድሮስን መውደዴን አልተውሁም። የዘመነ መሳፍንትን ዕድሜ ያሳጠረ ክንድ የእርሳቸው ነው፤ ያለ እርሳቸው እኛ ዛሬ የምንጠራት አገር በምን መልክ ትቆም እንደ ነበረ እግዜር ይወቅ። ነገር ግን ፍቅሬ ከዚያ ቀን ወዲህ እንደ ቀድሞው አይደለም፤ ዕዳ ያለበት ሒሳብ ሆኗል።

ውቤ ከዚያ ወዲህ ዘመናቸውን በምርኮ ጨረሱ። ዘራቸው ግን ከዘውድ አልራቀም። ልጃቸው ጥሩወርቅ አባቷን ያሰሩትን ንጉሥ አገባች፤ ደጃዝማች ዓለማየሁን ወለደች። የወንድማቸው የብጡል ልጅ ጣይቱ ደግሞ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም እቴጌ ተብላ ዘውድ ጫነች። እንግዲህ ለአጎቷ በተሠራችው ማርያም ያልተደፋው ዘውድ፣ በሌላዪቱ ማርያም ለወንድም ልጅ ደረሰ። ቄሱ ይህን ስነግራቸው «እርሷ የእኛ ልጅ ናት» አሉ፤ ጎረቤት እንደሚያወሩ ሁሉ።

ስለ ዓለማየሁ ጥቂት ልጨምር። ሰባት ዓመት ሳይሞላው እንግሊዞች ከመቅደላ ወሰዱት፤ እናቱ በመንገድ ሞታ ጨለቆት ተቀበረች። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1879፣ በዐሥራ ስምንት ዓመቱ፣ በሰው አገር ሞተና በዊንዘር ተቀበረ። እኛ ደረስጌ በሄድንበት ዓመት፣ በመጋቢት 2011 ዓ.ም.፣ በለንደን የሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም የዐፄ ቴዎድሮስን የፀጉር ቁንዳላ ለኢትዮጵያ መለሰ። ያን ሰሞን ባልደረቦቼ ሁሉ በደስታ ስልኬን አጨናነቁት። የልጁ ዐፅም ግን እስካሁን እዚያው ነው፤ ቤተሰቡ እንዲመለስ ያቀረቡትን ጥያቄ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 እንደማይቀበለው አስታውቋል። ብዙ ሰው ዓለማየሁን የቴዎድሮስ ልጅ ይለዋል። የውቤም የልጅ ልጅ ነው፤ ሰሜንም ቤቱ ነበር።

ከቤተ ክርስቲያኑ ስንወጣ ቄሱ ከግቢው ግድግዳ አንዱን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና «ይህን ያሠሩት ውቤ ናቸው፤ የሠራው ግን ይህ አገር ነው» አሉን። ድንጋዩ በሰው ትከሻ፣ ኖራው በሰው ጀርባ፣ ውኃው በሴቶች እንስራ እንደ መጣ አያቶቻቸው ይናገሩ እንደ ነበር ነገሩን። አሁን ግድግዳውን ጠጋ ብዬ አየሁት። ኖራው አንዳንድ ቦታ ተንዷል፤ አንዳንድ ቦታ በሲሚንቶ ተለጥፏል። ሲሚንቶው ዓይን ይወጋል። ጃፓናዊው ትዝ አሉኝ። በየ20 ዓመቱ የሚፈርሰውን ቤታቸውን ለ1300 ዓመት ያቆዩት አናጢውን ስላቆዩ ነው። እኛ ቤቱ ቆሞልናል፤ ያን ኖራ የሚያቦካ እጅ የት እንዳለ ግን ቄሱንም ጠየቅሁ፣ ዲያቆናቱንም ጠየቅሁ፣ ማንም አልነገረኝም። በአገራችን ስንቱ የሣር ክዳን በቆርቆሮ ተለወጠ፤ ዝናቡን ይከለክላል፣ አልወቅስም፤ ሣር ከዳኙ ሲሞት ግን ለቅሶ የወጣለት በስሙ እንጂ በሙያው አልነበረም።

ስለዚህች ቤተ ክርስቲያን ዶሮቴያ ማክኢዋን የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ ሙሉ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አሳትመዋል፤ ስለ ታሪኳ፣ ስለ ሕንፃዎቿ፣ ስለ ንዋያተ ቅድሳቷ። ይህን ያወቅሁት ከተመለስሁ በኋላ ነው። ቄሱ መጽሐፉን በእጃቸው ይዘውት እንደ ሆነ ሳልጠይቅ መምጣቴ ይቆጨኛል።

ስምንት ሰዓት ላይ ተነሣን፤ ቧሂት ላይ መሸብን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ደባርቅ ስንገባ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አልፏል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከግማሽ ቀን ሥራ በኋላ ሚኒባስ ተሳፍሬ ዳባት ወረድሁ።

አያቴ ከምድጃው አጠገብ ነበረች። ደረስጌን ሳምሁልሽ ስላት እጇን ወደ ሰማይ አነሣች፤ ከዚያም ጉንጬን ያዘችና «ኖራውን አየኸው?» አለችኝ። ሥዕሉን አይደለም፤ ዘውዱ የተጫነበትን ቦታ አይደለም፤ ኖራውን። አየሁት አልኋት። ያኔ ነው ዕድሜዋን ሙሉ ያልነገረችኝን የነገረችኝ። የአያቷ አባት በጉርምስናው ለዚያ ግድግዳ ኖራ ተሸክሟል። ጀርባው በኖራው ተቃጥሎ እስከ ሽምግልናው ጠባሳ ነበረው። የውጊያውም ቀን በደረስጌ ነበር፤ ከውቤ ወገን። ውቤ ሲማረኩ እርሱ ጋሻውን ጥሎ ገደል ለገደል ወርዶ ተረፈ። በሁለተኛው ቀን ግን ረኃብ አስጨንቆት ወደ ቦታው ተመልሶ፣ ለዘውዱ ከታረደው ሥጋ በልቷል። «ምን ያድርግ? በሠራው ቤት ደጅ ነው የበላው» አለችኝ። ስትናገር ሐዘን አልነበረባትም፤ ስለ ጎረቤት ሠርግ የምታወራ ነበር የምትመስለው። ቀጥላም የትውልድ ሐረጓን እስከ ሰባት ቤት ስም በስም ቆጠረችልኝ፤ የእርሱም ስም በመካከሉ ነበረ። ሌላ ጊዜ መጥቼ እጽፈዋለሁ አልሁ። ቡናው ደርሶ ነበር፤ ሚኒባሱም የመጨረሻው ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ክረምት አያቴ ዐረፈች። በዓመቱ፣ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ፣ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ ደረሰ። በጭና ተክለ ሃይማኖት የተገደሉት ገበሬዎች፣ እናቶችና ልጆች የተቀበሩት በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ነው። ያን ሰሞን ደባርቅ ከመኪና ድምፅና ከስደተኛ በቀር ሌላ አልነበራትም፤ ባንካችንም ተዘጋ፤ እኔም ከሌሎች ጋር ጎንደር ወረድሁ። ስመለስ አንድ የጭና ሴት የሟች ባሏን ሒሳብ ልትዘጋ መስኮቴ ፊት ቆመች። ስሙን ጠየቅኋት። እርሷ ስትናገር እኔ ስጽፍ፣ እጄ በድንገት ቆመ፤ ሌላ ስም እየፈለግሁ ነበር።

የቴዎድሮስን ግጥም እንደገና ልጽፈው ሁለት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ኖራ የተሸከመውን ሰው በስሙ ልጠራው እፈልጋለሁ። ከአያቴ ወገን በሕይወት ያሉትን ሁሉ፣ ጃናሞራም ድረስ ሰው ልኬ አስጠይቄያለሁ። አንዱ ወልዴ ይላል፤ ሌላዋ ደግሞ የለም፣ ወልዴ የእርሱ ልጅ ነው ትላለች። በየቀኑ የመቶ ሰው ስም ከነአያቱ በመዝገብ አሰፍራለሁ። የእርሱን ስም ግን አያቴ በአፏ ነግራኝ ነበር፤ አልጻፍሁትም።